ለሟች አይቀዳም

እኔ የኖርኩበት አገር ሰው ክፉ አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የምተርከውን ሰምቶ ማንም እንዳይፈርድበት ብዬ ነው። በዚያ አገር ሰው ሰውን የሚወደው በዋንጫ ነው። እንግዳ ሲገባ ይቀዳለታል። ጎረቤት ለጎረቤቱ በአጥር ላይ አሻግሮ ያቀብለዋል። ተጣልተው የታረቁ ይጠጣሉ፤ ሊጣሉ ያሰቡም ቀደም ብለው ይጠጣሉ። የጎደለ ዋንጫ ማየት ነውር ስለሆነ ዋንጫ አይጎድልም። የሞላን ዋንጫ አለመጠጣትም ያው ነውር ስለሆነ ይጠጣል።

ከተማው ይህን ሥርዓት የሚጠብቅ የዋንጫ ሹም አለው። ተግባሩ ያልተቀዳለት ሰው እንዳይኖር መቆጣጠር ነው። በእኔ ዘመን ሹሙ አቶ ደርበው ነበሩ፤ ፀጉራቸውን በውሃ አርጥበው የሚያበጥሩ፣ የሰው ስም የማይረሱ ትሑት ሰው። በሄዱበት ሁሉ ማሰሮ የተሸከመ ቀጂ ይከተላቸዋል።

እኔ ኮሌጅ ጨርሼ የተቀጠርኩት በወንዝ ልክ ቢሮ ነው። ቢሮው ከተማውን ለሁለት የሚከፍለውን ወንዝ ከፍታ በየዕለቱ ይለካል። ወንዙ ከደረቀ ቆይቷል፤ ቢሮው ግን አልተዘጋም። አለቃችን እንደሚሉት ደረቅነትም ልክ አለው። ጠዋት ወደ ወንዙ እንወርዳለን፣ መለኪያውን እንጨት እናያለን፣ ተመልሰን «ዛሬም ያው» ብለን እናስታውቃለን። ከዚያ ይቀዳል።

አብሮኝ የሚለካው ሙሉሰው ነበር። ከኮሌጅ ጀምሮ አልተለያየንም፤ አንድ ክፍል ተኝተናል፣ ከአንድ ዋንጫ ጠጥተናል። ጨዋታ አዋቂ ነው። እሱ ባለበት ማሰሮው ቶሎ ያልቃል፤ ማሰሮው ሲያልቅ ደግሞ ሁሉም እየሳቀ ይበተናል። እኔ ግን ከተበተንን በኋላ ብቻዬን መቀጠል ጀመርኩ። በዚያ አገር ለምን ትጠጣለህ ተብሎ የሚጠየቅ ስለሌለ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። እጄ ጠዋት ጠዋት መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወደ ሐኪም ሄድኩ።

ሐኪሙ ጎኔን ጫን ጫን አደረጉ፤ የዓይኔን ቆብ ገልብጠው አዩ።

«ጉበትህ ደክሟል» አሉኝ። «መጠጥ ካላቆምክ መጪውን ክረምት አታየውም።»

«አቆማለሁ፣ ዶክተር።»

«ጎበዝ!» አሉና ከጠረጴዛቸው ሥር ማሰሮ አውጥተው ሁለት ዋንጫ ሞሉ። «እንዳንተ ያለ አስተዋይ በሽተኛ ገጥሞኝ አያውቅም። በል፣ ለውሳኔህ!»

«አሁን አቁም አሉኝ እኮ።»

«አልኩህ! ምክሩን ካላጸደቅነው ታዲያ እንዴት ይሠራል?»

ፊታቸው ላይ ቅያሜ ሲመጣ አየሁ። ደግ ሰው ናቸው፤ ቅር እንዲላቸው አልፈለግሁም። ጠጣሁ።

በማግስቱ አከራዬ ወይዘሮ ጥሩወርቅ እንደ ወትሮው በሬ ላይ ያስቀመጡልኝን ዋንጫ ሳልነካው ወጣሁ። ማታ ስመለስ ዓይናቸው አብጧል። «ቤቴ ካስጠላህ ንገረኝና ልወቀው» አሉኝ። ቢሮ ደግሞ ሙሉሰው ዋንጫውን እፊቴ አስቀምጦ ጠበቀኝ።

«ምን በደልኩህ?» አለኝ።

«ምንም።»

«ታዲያ ጠጣ።»

«ሐኪም ከልክሎኛል።»

«ሐኪሙ ትናንት ከእኔ ጋር ነበሩ። ለአንተ ጤና ብለን ስንቴ እንደጠጣን ብታውቅ ታለቅሳለህ።»

ሁሉም ሳቀ። ሙሉሰው ግን ሳይስቅ አየኝና ዋንጫውን አንስቶ ሄደ። ያን ቀን ከእኔ ጋር ወደ ወንዙ አልወረደም።

አቶ ደርበው ወሬውን ሰምተው ወደ ቤቴ መጡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ፤ ቀጂው በሩ ላይ ቆመ።

«ማን ሞተብህ፣ ይርዳው?» አሉኝ በኀዘኔታ።

«ማንም አልሞተብኝም፣ ጌታዬ።»

«ሰው ካልሞተበት ለምን አይጠጣም?»

ስለ ጉበቴ ነገርኳቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝ። ከዚያ እንደ አባት ሆነው አስረዱኝ። ጥቁር የለበሰ ሐዘንተኛ አይቀዳለትም፤ ሐዘኑ በማሰሮው አድርጎ ወደ ቀጂው ይጋባል ተብሎ ይፈራልና። ጥቁር ያልለበሰ ግን ይቀዳለታል። «ሦስተኛ መንገድ አገሩ አያውቅም» አሉኝ። «ብፈልግልህም አላገኝልህም።» እውነታቸውን ነበር። ቀጂውን ጠቀሱት፤ ቀዳልኝ፤ ጠጣሁ።

ከዚያ በኋላ ጥቁር የለበሱ ሰዎችን ልብ ብዬ ማየት ጀመርኩ። ለአንድ ሟች ጥቁር የሚለበሰው ወር ላልሞላ ጊዜ ነው። ጥቂት ሰዎች ግን ጥቁራቸው አያልቅም ነበር። ከተማው በጣም ያዝንላቸዋል፤ እንደ እነሱ ዘመድ የሚያልቅበት ሰው የለም እየተባለ ይወራል። ከእነሱ አንዷ በገበያው ጥግ መርፌና ክር የሚሸጡት እትዬ አሰገደች ናቸው።

«እግዜር ያጽናዎት፣ እትዬ» አልኳቸው። «ማን ሞተብዎት?»

«አጎቴ።»

«ባለፈውም አጎትዎ ነበሩ የሞቱት።»

«ብዙ አጎት ነበረኝ» አሉና ቀና ብለው እጄን አዩት። መርፌ ልገዛ ዘርግቼዋለሁ፤ ይንቀጠቀጣል። «አንተስ፣ ልጄ፣ ማን ሞተብህ?»

«ማንም።»

«እንፈልግልሃለን» አሉ፣ መርፌውን በወረቀት እየጠቀለሉ። «የገበያ ማግስት ከቆዳ ማድረቂያው ጀርባ ድንኳን አለ። እያለቀስክ ግባ። ሳያለቅስ የሚገባ ሰው ያስጠረጥረናል።»

የገበያ ማግስት ሄድኩ። ቆዳ ማድረቂያው የሚሸትበት ስፍራ ስለሆነ ሰው አይበዛበትም። ድንኳኑ አሮጌ ነው፤ ጥግ ጥጉ ተጥፏል። እበሩ ስደርስ ማልቀስ እንደማልችል ገባኝ። ካለቀስኩ ብዙ ጊዜዬ ነው። እንደ ምንም «ዋይ!» አልኩ።

«ይሄ ለቅሶ ነው ወይስ ፍየል እየታረደ ነው?» አለ ከውስጥ አንድ ድምፅ።

«ተዉት፣ አዲስ ነው» አሉ እትዬ አሰገደች። «ግባ፣ ልጄ።»

ፍየል ያሉኝ ጋሽ ወንዳፍራሽ ናቸው። ድሮ ራሳቸው የአቶ ደርበው ቀጂ ነበሩ። ዝም ብለው ሲቀመጡም ቀኝ እጃቸው ማሰሮ እንደያዘ ሰው ዘንበል ይላል፤ ሲያዩት ያቃኑታል፤ ሲረሱት ይመለሳል። ሌሎችም ግድግዳውን ተደግፈው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። መሃል ላይ የውሃ እንስራ አለ። በከተማው ውስጥ እንስራ ውስጥ ውሃ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር ማለት ይቻላል።

በዚያ አገር ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስለራስ ማውራት ነውር ነው። የሚወራው ስለሟች ነው። ስለዚህ በዚያ ድንኳን ውስጥ ማንም ስለራሱ አያወራም። የዚያን ቀን የሚለቀስላቸው የእትዬ አሰገደች አጎት ነበሩ፤ ማንም አይቷቸው አያውቅም፤ እትዬ አሰገደችም ጭምር።

«ሟች» ብለው ጀመሩ ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ «ጠዋት ጫማውን ሲያስር እጁ እምቢ ይለው ነበር። ልጆቹ እንዳያዩት ብሎ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ገዛ። ልጆቹ አውቀውበት ነበር።»

«ነፍስ ይማር» አልን።

አንዲት ዝምተኛ ሴት ቀጠለች። «ሟች የልጇን ሠርግ አታስታውሰውም። ሰው ሲያወራላት እንደምታስታውስ ሆና ትስቃለች። ልጅቷ ምን ዓይነት ቀሚስ እንደለበሰች እስከ ዛሬ አታውቅም። መጠየቅም አትችልም።»

«ነፍስ ይማር።»

አጎት እንዴት ልጇን የምትድር ሴት እንደሆኑ የጠየቀ የለም። በመካከሉ ውጭ ኮቴ ከተሰማ ሁላችንም ዋይታችንን እናሰማለን፤ ኮቴው ሲያልፍ ተናጋሪው ካቆመበት ይቀጥላል።

ተራው እኔ ዘንድ ደረሰ። «ሟች» አልኩ። «ሟች መጀመሪያ የሚጠጣው ከሰው ጋር ለመሆን ነበር። በኋላ ግን ሰው ቶሎ እንዲሄድለት መፈለግ ጀመረ። ቤቱ ሲገባ በሩን ሁለቴ ይቆልፋል። የሚመጣበት ሰው ኖሮ አይደለም። እንደዚያ ሲያደርግ የሚመጣ ሰው ያለ ይመስለዋል።»

ውጭ ኮቴ ተሰማ። አለቀስን። ኮቴው አለፈ፤ ለቅሶው ግን አልቆመም። ማን እንዳላቆመ እርግጠኛ አይደለሁም። እኔ ልሆን እችላለሁ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ውሃ ቀድተው ሰጡኝ፤ አንዲት ጠብታ አላፈሰሱም።

ስወጣ እትዬ አሰገደች ጥቁር የተነከረ ጋቢ ደረቡልኝ። «አጎቴ የሩቅ ዘመድህ ነበሩ» አሉኝ። «እግዜር ያጽናህ።»

ጋቢው ሠርቷል። ይህን መካድ አልችልም። መንገድ ላይ የቆመ ቀጂ ሲያየኝ ማሰሮውን ወደ ሌላ ትከሻው ያዞረዋል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ በሬ ላይ ዋንጫ ማስቀመጥ ተዉ፤ ማንኳኳትም ተዉ። ቢሮ ጠረጴዛዬ ከመስኮቱ አጠገብ ተነስቶ ወደ ኮሪደሩ ወጣ፤ ሐዘኔ እንዳይረበሽ ነው አሉኝ። ሙሉሰው ከሩቅ አንገቱን ሰበር አድርጎልኝ ያልፋል። ማንም አልሰደበኝም፤ ማንም አልከፋብኝም። ከአንዱ የገበያ ማግስት እስከ ሌላው ድምፄን የምሰማው «ዛሬም ያው» ስል ብቻ ነበር።

እጄ ፀና። አንድ ማታ ከእትዬ አሰገደች በገዛሁት መርፌ ክር አስገባሁ፣ በመጀመሪያው ሙከራ። መርፌውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጌ ያዝኩት። የማሳየው ሰው ስላልነበረ ክሩን መልሼ አወጣሁት።

በዚህ ሁኔታ አጎቶች፣ አክስቶች፣ አንድ የእንጀራ አባትና የአንድ የእንጀራ አባት ወንድም ሞቱ። ከዚያ አንድ የገበያ ማግስት አቶ ደርበው ቀጂያቸውን አስከትለው ወደ ድንኳኑ ገቡ። እንደ ደንቡ አለቀሱ፤ እንባቸውንም ጠረጉ።

«ወገኖቼ» አሉ፣ «ሐዘናችሁ ሐዘናችን ነው። ነገር ግን እዚህ የሚለቀስላቸውን ሟቾች ከተማው አያውቃቸውም። አብሯቸው ጠጣሁ የሚል አንድ ሰው አጣሁ። አብሮት የጠጣ ሰው የሌለው ሟች ኖረ እንዴት ይባላል? ከተማው የሚያውቀው ሟች ካላችሁ ስሙን ንገሩኝ፤ ከሌላችሁ ድንኳኑ ይነሳ፣ ጥቁሩም ይውለቅ።»

ቀጂው ማሰሮውን ከትከሻው አወረደ። ሽታው ድንኳኑን ሞላው። ጋሽ ወንዳፍራሽ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ያዙት። ዝምተኛዋ ሴት መሬት መሬት ታያለች። እኔም ማሰሮውን አየሁት፤ ወደድኩትም። ያን ጊዜ ጥቁሬን ባወልቅ የሚሆነውን በደንብ አውቀዋለሁ፦ ሁሉም ያቅፈኛል፣ ጠረጴዛዬ ወደ መስኮቱ ይመለሳል፣ ሙሉሰው ይቀልዳል፣ እኔም እስቃለሁ፣ ክረምቱም ያለ እኔ ይገባል።

«አለ» አልኩ። «ይርዳው ሞቷል።»

«የቱ ይርዳው?»

«የወንዝ ልክ ቢሮው።»

አቶ ደርበው ደንግጠው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ያ ጨዋ ልጅ!» አሉ። ከዚያ ትኩር ብለው አዩኝ። «አንተ አይደለህ እንዴ?»

«ነበርኩ።»

ባርኔጣቸውን በእጃቸው አገላበጡ። «ይህ ከዚህ በፊት አልገጠመኝም። ሰው ለገዛ ሞቱ ራሱ ምስክር አይሆንም።»

«እኔ አልቅሼለታለሁ» አሉ እትዬ አሰገደች።

«እኔም» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ። «ሲያለቅስ ፍየል ነበር የሚመስለው፣ ነፍሱን ይማረው።»

አቶ ደርበው ፍርደ ገምድል እንዳይባሉ ነገሩን ሊያጣሩ ፈለጉ። «እስቲ ቅዳለት» አሉት ቀጂውን። ቀጂው ዋንጫውን ሞልቶ ቀረበኝ፣ ፊቴን አየ፣ እትዬ አሰገደችን አየ፣ ወደ ኋላውም አፈገፈገ። «ይቅርታ፣ ጌታዬ። ለሟች አይቀዳም። ቢቀዳለት ማሰሮው ይሰነጠቃል ይባላል፤ ይሄ ማሰሮ ደግሞ የአባቴ ነው።»

«እንግዲያው ሞቷል» አሉ አቶ ደርበው። «መቼ ይቀበራል?»

«አይቸኩልም» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ።

«ካልተቀበረ ሐዘኑ አይዘጋም። ሐዘኑ ካልተዘጋ ድንኳኑን ማንሳት አልችልም፤ ጥቁሩንም ማስወለቅ አልችልም።» አቶ ደርበው በዚህ ከልባቸው አዘኑ። ወጥተው ሲሄዱ ለእኔ ብቻ እጅ አልነሱም።

ሞቴ በመለከት ተነገረ። ቢሮአችን ሥራ ዘግቶ ለመታሰቢያዬ መጠጣት ጀመረ፤ አለቃችን «ደረቅነትን እንደ እሱ በትዕግሥት የለካ አልነበረም» ብለው ተናገሩ አሉ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ክፍሌን ለሌላ አከራዩና ፍራሼን ለነፍሴ ለድሃ ሊሰጡ አወጡት። ያን ጊዜ ደጃፋቸው ቆሜ ስለነበር ለእኔው ሰጡኝ። «ጸልይለት» አሉኝ ፊታቸውን አዙረው። እሺ አልኳቸው።

ፍራሹን ተሸክሜ ወደ ድንኳኑ ገባሁ፤ እዚያው ቀረሁ። ሌሎቹ በየሥራቸው ሲውሉ ድንኳኑ ውስጥ እኔና የውሃው እንስራ እንቀመጣለን። ሐዘንተኛ ሳለሁ ሰው ይሸሸኝ ነበር፤ የሚሸሽ ሰው እንኳ መጀመሪያ ያይሃል። አሁን አይሸሹኝም። ሲመጡብኝ እኔ ነኝ ጥግ የምይዘው። አንዳንዴ ወደ ገበያ ወጣ እልና ሰዎች ስሜን ሲያነሱ እሰማለሁ። ደግ ደግ ነገር ነው የሚያወሩት። ለመልስ አፌን ስከፍት ወሬያቸው ተቀይሯል።

ለቅሶ የሚደርስ ሰው ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ከተማው የሚያውቀው ሟች ነኝና። ማንም አልመጣም። ለመታሰቢያዬ የሚጠጣው ገና አላለቀም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ድንኳኑን ደበደበው። ሐኪሙ አታየውም ያሉኝ ክረምት ነው። እጄን በበሩ አውጥቼ አስመታሁት። እትዬ አሰገደች ገበያው ስለተበተነ መጥተው ጥግ ላይ መርፌዎቻቸውን ያደርቃሉ። ያኔ ነው ውጭ የለቅሶ ድምፅ የሰማሁት። የማውቀው ድምፅ ነው።

ሙሉሰው እያለቀሰ ገባ። ከእግር እስከ ራሱ ረጥቧል። አግዳሚው ላይ ከእኔ አጠገብ ተቀመጠ፤ ወደ እኔ ግን አላየም። የሚያወራው ለድንኳኑ ምሰሶ ነው።

«ሟች ወዳጄ ነበር» አለ። «ቀልድ ሳልጨርስ ይስቅ ነበር። ለምን እንደሚስቅ አልገባኝም። እንዳልከፋ ብሎ ይመስለኛል።»

«ነፍስ ይማር» አሉ እትዬ አሰገደች።

«አንድ ቀን አልጠጣም አለኝ። ተቀየምኩት። ጠረጴዛውን ወደ ኮሪደሩ ሲያወጡት አንዱን እግር የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ሟች ምን ይላል?

«የተቀየምኩት ስላልጠጣ አይደለም» አለ ሙሉሰው። «እኔም በድብቅ ሞክሬ ነበር። በድብቅ አቃተኝ። እሱ በግልጽ ሲሞክረው ሳየው ዓይኑን ማየት ፈራሁ።»

እጆቹን ብብቱ ሥር ወትፎ ነበር። አንዱ አመለጠው። ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ እትዬ አሰገደችም አዩት። ሁለታችንም እንዳላየ ሆንን። እኔና ሙሉሰው ብዙ ዓመት አብረን ተቀምጠን በመካከላችን ዋንጫ የሌለበት ቀን ያ የመጀመሪያው ነበር። ከታች፣ ከከተማው መሃል፣ አንድ ከባድ ድምፅ ይመጣ ጀመር።

«ወንዙ ነው» አለ። «ውሃ መጥቷል። የሚለካው የለም። ቢሮው ገና ለሟች መታሰቢያ እየጠጣ ነው።»

እትዬ አሰገደችን ጠየቃቸው። «እትዬ፣ ጥቁር ለወዳጅ ይፈቀዳል?»

«ደንቡ ለዘመድ ነው።»

«ከእሱ ሌላ ዘመድ የለኝም።»

እትዬ አሰገደች መርፌያቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ አዩ። «ሟቹ ከፈቀደ» አሉ።

በበሩ ቀዳዳ አየሁ። ቀጂው መንገዱ ላይ በዝናቡ ቆሟል፤ ማሰሮውን በኮባ ቅጠል ሸፍኖታል። ጥቁር ሳይለብስ የሚወጣውን ሰው ይጠብቃል። ጋቢዬን አወለቅሁና በሙሉሰው ትከሻ ላይ ደረብኩት፤ እስከ አንገቱ ድረስ ሰበሰብኩለት።

ያን ጊዜ ዞሮ ፊቴን አየኝ።

«አንተስ?» አለኝ።

«ለሟች አይቀዳም» አልኩት። «እኔን አይነኩኝም።»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁህ። አይበርድህም?»

ሟች አይበርደውም አልኩት። አልተከራከረኝም። ምናልባት አምኖኛል፤ ምናልባት ጋቢው አስፈልጎታል። «የገበያ ማግስት እመጣለሁ» ብሎ ወጣ። ቀጂው ጥቁሩን ሲያይ ማሰሮውን ወደ ሌላ ትከሻው አዞረ። ሙሉሰው በጭቃው ላይ እየተንቀጠቀጠ ሄደ፤ ቆዳ ማድረቂያው ጋ እስኪታጠፍ ድረስ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት።

በርዶኝ ነበር።